እህል የሚቀመጥበት ባንክ

አዲስ አበባ ውስጥ ለኖረ ሰው «ቡሌ» የሚለው ቃል እንግዳ አይደለም። ከሆቴል፣ ከምግብ ቤት፣ ከተማሪ መመገቢያ አዳራሽ የተረፈው እንጀራና ወጥ፣ ዳቦና ሩዝ ባንድ ላይ ተደባልቆ በባልዲና በፌስታል በጓሮ በር ይወጣል። ከበሩ ማዶ የሚጠብቁት ልጆች በየትኛው ቀን ምን እንደሚወጣ ጠንቅቀው ያውቃሉ። የትኛው አዳራሽ ቅዳሜ ሠርግ እንዳለው ከጎረቤቱ ቀድመው የሚሰሙት እነሱ ናቸው። ቡሌ እንዲያው የሚሰጥበት በር አለ፤ በሳንቲም የሚሸጥበትም በር አለ።

በተማሪነቴ ዘመን ከምንበላበት አዳራሽ በስተጀርባ አንድ ልጅ ጣሳውን ጉልበቱ መሐል አስቀምጦ ዳቦውን ከወጡ ሲለይ አየሁ። ዕድሜው ከአሥር አይበልጥም። ተርቧል፤ ግን አይበላም። ለምን እንደሚለይ ብጠይቀው፣ ጥያቄዬ ገርሞት ቀና ብሎ አየኝና «ዳቦው ለነገ ይቆያላ!» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አልፏል፤ መልሱ ግን ከኅሊናዬ አልወጣም።

ለመሆኑ ከፊት በር የሚትረፈረፈውን ምግብ ከጓሮ በር ከሚጠብቀው ሰው ጋር፣ ሰውየውን ሳያዋርዱ የሚያገናኙበት መንገድ ይኖር ይሆን? ይህ ጥያቄ የኛ ብቻ አይደለም። በዓለም እጅግ ሀብታም በምትባለው አገር፣ ከአንድ የሸቀጣ ሸቀጥ መደብር ጓሮ ተነሥቶ ዛሬ በብዙ አገሮች የተስፋፋው «የምግብ ባንክ» የተባለው ተቋም የተወለደው ከዚሁ ጥያቄ ነው። ታሪኩን መመርመር የሚጠቅመን ለአድናቆት አይደለም። እኛም በየዘመናችን ጎተራ ሠርተናል፤ በየዘመኑም የጎተራው ቁልፍ ጠፍቶብናል። ከሰው ታሪክ የራሳችንን እንድናይበት ነው።

የፊኒክስ ጓሮ

ጆን ቫን ሄንግል እ.ኤ.አ. በ1923 በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት ተወለዱ። በወጣትነታቸው ወደ ካሊፎርኒያ ተሻግረው ልዩ ልዩ ሥራ ሠርተዋል። በኋላ ትዳራቸው ፈረሰ፤ ወደ ትውልድ ግዛታቸው ተመልሰው በድንጋይ ካባ ሥራ ተቀጠሩ። እዚያ ሳሉ ጠብ ሊገላግሉ ገብተው ክፉኛ እንደተጎዱና ቀዶ ሕክምና እንደተደረገላቸው ይተረካል። ሞቃት አየር ይስማማዎታል ስለተባሉ በአሪዞና በረሃ ወደምትገኘው ፊኒክስ ከተማ ሄዱ። እንግዲህ ሰውየው ባለጠጋም፣ ባለሥልጣንም፣ ምሁርም አልነበሩም። ከሕይወት ተጋጭተው የወደቁና በሌሎች ድጋፍ የተነሡ ሰው ነበሩ።

በፊኒክስ ድሆችን በሚመግብ የካቶሊክ በጎ አድራጎት አዳራሽ በነፃ ማገልገል ጀመሩ። ከተማዋ ብርቱካንና ሎሚ በየግቢው የሚበቅልባት ነች፤ ፍሬው ለቃሚ አጥቶ መሬት ላይ ይረግፋል። ቫን ሄንግል ባለቤቶቹን እያስፈቀዱ፣ ፍሬውን እየለቀሙ፣ በአሮጌ የወተት መኪና ለአዳራሹ ማቅረብ ያዙ። ቃርሚያ ማለት ነው። በኦሪት ሕግ ባለ እርሻው የእርሻውን ጥግ ለድሃና ለመጻተኛ እንዲተው ታዟል፤ ሩትም በቦዔዝ እርሻ የቃረመችው በዚሁ ሕግ ነው። ሐሳቡ አዲስ አልነበረም፤ አዲስ የሆነው ቦታው ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ባንኩን የፈጠረችው ሴት የምትመጣው። ቫን ሄንግል ደጋግመው እንደተረኩት፣ የአሥር ልጆች እናት የሆነች አንዲት ሴት ልጆቿን የምትመግበው ከአንድ መደብር ጓሮ፣ ከቆሻሻ ማጠራቀሚያው ውስጥ ከምታወጣው ምግብ ነበር። ሰውየው ሄደው ቢያዩ የተጣለው ምግብ የሚበላ ሆኖ አገኙት። ማሸጊያው የተጨማደደ፣ የሽያጭ ቀኑ የተቃረበ፣ እንጂ ያልተበላሸ። ሴትዮዋም፣ ሰዎች ገንዘባቸውን ባንክ እንደሚያስቀምጡና እንደሚያወጡ ሁሉ፣ የተረፈ ምግብ የሚቀመጥበትና የቸገረው የሚያወጣበት ቦታ ቢኖር መልካም ነበር አለች። «ባንክ» የሚለው ስም እንግዲህ ከኢኮኖሚስት አልመጣም፤ ከቆሻሻ ገንዳ ሥር ቆማ ከምታስብ እናት ነው የመጣው።

ቅድስት ማርያም የተባለችው የፊኒክስ ቤተ ክርስቲያን 3,000 ዶላርና ሥራ የፈታ አንድ ሕንፃ ሰጠቻቸው። እ.ኤ.አ. በ1967 «የቅድስት ማርያም የምግብ ባንክ» ተከፈተ። በመጀመሪያው ዓመት ያከፋፈለው ከ250,000 ፓውንድ ያላነሰ ምግብ ነበር፤ በኛ ልክ ከ1,100 ኩንታል በላይ መሆኑ ነው። ያም ሁሉ ሊጣል የነበረ ነው።

የጅምላ መጋዘን

አንባቢ ሆይ፤ የምግብ ባንክ ሲባል ድሃ ተሰልፎ ሳህን የሚቀበልበት ቤት እንዳይመስልህ። የፈጠራው ብልሃት ሌላ ነው። የምግብ ባንክ በአካባቢው ያሉትን ከተሞችና ገጠሮች የሚያገለግል የጅምላ መጋዘን ነው። መኪና አለው፤ ማቀዝቀዣ አለው፤ ሚዛንና መዝገብ አለው። ከፋብሪካ ስሙ የተሳሳተ የታተመበትን ቆርቆሮ፣ ከእርሻ ለገበያ ያነሰውን ድንች፣ ከመደብር ቀኑ የተቃረበውን ዳቦ በጅምላ ይሰበስባል፤ የተበላሸውን ይለያል፤ ከዚያም ለየሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን፣ ለየነፃ ወጥ ቤቱ፣ ለየመጠለያው ያከፋፍላል። ከድሃው ጋር ፊት ለፊት የሚገናኙት ሰፈሩን የሚያውቁት እነዚህ ትናንሽ ድርጅቶች ናቸው። አንድ ፋብሪካ አሥር ካሚዮን ወተት ቢተርፈው አሥር ካሚዮን የሚቀበል ሰበካ አያገኝም። አንዲት ሰበካም ሃምሳ ቤተሰብ ብትመግብ ከፋብሪካ ጋር የምትዋዋልበት አቅም የላትም። ባንኩ የቆመው በሁለቱ መካከል ነው።

ነገሩ ከፊኒክስ ወጣ። በ1975 ከፌዴራሉ መንግሥት በተገኘ ድጎማ ሌሎች ከተሞች እንዲጀምሩ መርዳት ተቻለ፤ በ1977 የምግብ ባንክ ያላቸው ከተሞች 18 ደረሱ። በ1979 «ሁለተኛው መከር» የሚል ስም ያለው አገር አቀፍ ድርጅት ተመሠረተ። ስሙ ራሱ ሐሳቡን ይናገራል፤ የመጀመሪያው መከር የባለ እርሻው፣ ሁለተኛው የቃራሚው ነው። ይኸው ድርጅት ከ2008 ጀምሮ «ፊዲንግ አሜሪካ» ይባላል። 200 ያህል የምግብ ባንኮችን፣ በነሱም በኩል 60,000 ያህል የስርጭት ጣቢያዎችን ያገናኛል።

ዕድገቱ ግን የበጎ ፈቃድ ብቻ ውጤት አልነበረም፤ ሕግም ረድቶታል። በ1976 የወጣው የግብር ሕግ ምግብ ለሚለግስ ኩባንያ የግብር ቅናሽ ሰጠ። በ1996 ደግሞ በዚያው ዓመት በሞቱት የምክር ቤት አባል በቢል ኤመርሰን ስም የተሰየመ ሕግ ወጣ፤ ምግብ በቅን ልቦና የለገሰ ሰው ከባድ ቸልተኝነት ካላሳየ በስተቀር በፍርድ ቤት እንዳይጠየቅ ዋስትና ሰጠ። ቀድሞ ብዙ ነጋዴ «ሰው ቢታመምብኝስ?» እያለ መጣልን ይመርጥ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1984 ፓሪስ የመጀመሪያውን የአውሮፓ የምግብ ባንክ ከፈተች፤ በ2006 ዓለም አቀፍ መረብ ተቋቋመ። ቫን ሄንግል በ2005 በ82 ዓመታቸው ፊኒክስ ውስጥ አረፉ። ለሌላ ሰው ባንክ ሲያቋቁሙ የኖሩት ሰው ለራሳቸው ሀብት አላስቀሩም።

ልግስና ወይስ መብት?

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ውብ ተረት ይሆን ነበር። ይሁንና ነቃፊዎችም አሉት፤ ነቀፌታቸውም የሚናቅ አይደለም።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ በፕሬዚዳንት ሬገን ዘመን የአሜሪካ መንግሥት ለድሆች የሚመድበውን ድጎማ ሲቀንስ፣ የምግብ ባንኮች ቁጥር በፍጥነት አደገ። መንግሥት ራሱ በመጋዘን ያከማቸውን አይብ በ1981 ለድሆች እንዲታደል ፈቀደ፤ «ጊዜያዊ» ተብሎ የተጀመረው እደላም ቋሚ ሆኖ ቀረ። ጃኔት ፖፐንዲክ የተባሉ የኅብረተሰብ ጥናት ምሁር በ1998 ባሳተሙት መጽሐፍ ያነሡት ክርክር ይህን ይነካል። ልግስናው የሰጪውን ኅሊና ያሳርፋል፤ ኅሊናው ያረፈ ዜጋ ደግሞ መንግሥትን «ለምን ሰው ይራባል?» ብሎ አይጠይቅም። ሰው በመብቱ ማግኘት የሚገባውን በምጽዋት መልክ ይቀበላል ነው ነገሩ።

የምግብ ባንኮቹ ራሳቸው ይህን አይክዱም። የነሱ መረብ እንደሚለው፣ የምግብ ባንኮች አንድ ገበታ ሲያቀርቡ መንግሥት በምግብ ድጋፍ ካርዱ ዘጠኝ ገበታ ያቀርባል። እውነትነቱ በ2025 ታየ። በዚያ ዓመት መንግሥቱ በበጀት ጠብ ተዘግቶ 42 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የሚያገኘው ድጋፍ በኅዳር ወር ሲስተጓጎል ሰልፉ ወደ ምግብ ባንኮች ደጃፍ ዞረ። አንዱን ገበታ ያቀርብ የነበረ ዘጠኙን ሊሸከም አይችልም።

ታዲያ ባንኩ ይዘጋ? እኔ አይመስለኝም። ዛሬ ማታ የሚራበው ልጅ ሕግ እስኪሻሻል አይጠብቅምና። ነገር ግን ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። የምግብ ባንክ የዛሬን ረሃብ ይመልሳል፤ የነገን ረሃብ የሚመልሰው ፖለቲካ ነው። አንዱ የሌላውን ቦታ ሲወስድ ሁለቱም ይበላሻሉ።

የኛ ጎተራ

ወደ አገራችን እንመለስ። የኛ ገበሬ ከፊኒክስ በፊት ብዙ ዘመን ጎተራ ሠርቷል። በጭቃና በእበት የተመረገው ጎተራ፣ በቆላው አገር ማሽላ የሚቀበርበት ጉድጓድ፣ ለዘር ተብሎ የሚለይ እህል ሁሉ የቁጠባ ጥበብ ናቸው። የሃይማኖትና የባህል ሥርዓታችንም የማካፈያ መንገድ አላጣም። ክርስቲያኑ ሰንበቴና ዝክር አለው፤ ሙስሊሙ ከመከሩ ዘካ ያወጣል፤ ኦሮሞው ከብት ያለቀበትን ወገን በቡሳ ጎኖፋ ያቋቁማል። ይህን የመጨረሻውን የኦሮሚያ ክልል እ.ኤ.አ. በ2021 በሕግ አቋቁሞ ለአደጋ ጊዜ መከላከያ አድርጎታል።

የየቤቱ ጎተራ ግን ለየቤቱ ክፉ ቀን እንጂ ለአገር ክፉ ቀን አልበቃም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የደረሰው፣ ስሙም «ክፉ ቀን» ሆኖ የቀረው መዓት ይህን ያስረዳል። በምጽዋ በኩል በገቡ ከብቶች እንደመጣ የሚነገርለት የከብት በሽታ የአገሩን በሬ ፈጀ፤ ሞፈር የሚጎትት ጠፋ። ዳግማዊ ምኒልክ ጎተራቸውን እንዳስከፈቱና በሬ ያለቀበት ሕዝብ በዶማ እንዲቆፍር ራሳቸው ዶማ ይዘው እንዳሳዩ ይታወቃል። ትልቅ ምሳሌ ነው። ነገር ግን የንጉሥ ጎተራ የሚከፈተው ንጉሡ ሲያዝን ነው፤ ሕግ የለውም።

ንጉሥ ሳያዝን ሲቀር ምን እንደሚሆን ከ80 ዓመት በኋላ ወሎ ላይ ታየ። በሚያዝያ 1965 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው ተመለሱ። ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የሠራው ፊልም በጥቅምት 1966 እስኪታይ ድረስ ግን ዓለም አላወቀም፤ ባለሥልጣኑ ደግሞ እያወቀ ደበቀ። ከዚያ ወዲህ ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አሳየ። በረሃቡ ዓመት በአገር ደረጃ የምግብ ምርቱ ያን ያህል አልወረደም ነበር፤ እንዲያውም ከወሎ እህል ወደ ሌላ ገበያ ይጫን ነበር። የወሎ ገበሬ የሞተው አገሩ እህል ስላጣች ሳይሆን፣ ምርቱ ጠፍቶበት እህል የሚገዛበት አቅም ስላጣ ነው።

እነሆ የፊኒክሷ እናትና የወሎው ገበሬ ባንድ ቦታ ይገናኛሉ። ምግብ ነበረ፤ መንገዱ አልነበረም። የኛው ተረት «የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም» ይላል። እኔ እጨምራለሁ፦ ቢመስለውም መንገዱን ካልሠራ የሚያደርገው የለም።

እንደ ባንክ የሚያበድር ጎተራ

ብዙ አንባቢ ላያውቀው የሚችለው ነገር፣ አገራችን እውነተኛ የእህል ባንክ እንደነበራት ነው። ከወሎው እልቂት በኋላ በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1982 ደግሞ በሥሩ የመጠባበቂያ እህል ክምችት ተጀመረ። የ1977ቱ ረሃብ ሲመጣ ክምችቱ ገና ጨቅላ ስለነበር አላዳነም። ኮሚሽኑ በ1976 ዓ.ም. ለለጋሽ አገሮች ያሰማው ጥሪ ሰሚ ያገኘው የኮረም ሥዕል በጥቅምት 1977 በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1992 ክምችቱ ራሱን ችሎ ሲቋቋም ብልሃት ያለው አሠራር ነበረው። እህሉን ዝም ብሎ አያድልም፤ ያበድራል። ከውጭ የሚመጣ እርዳታ ቃል ከተገባበት ቀን ጀምሮ ተገዝቶ፣ በመርከብ ተጭኖ፣ ከወደብ ተነሥቶ ወረዳ እስኪደርስ ወራት ይፈጃል። ሆድ ግን ወራት አይታገሥም። ስለዚህ የእርዳታ ድርጅቱ ቃል የተገባለትን ይዞ ይመጣል፤ በኮምቦልቻ፣ በናዝሬት፣ በሻሸመኔና በመሳሰሉት ከተሞች ካሉት መጋዘኖች እህል ይበደራል፤ መርከቡ ሲገባ በምትኩ ይመልሳል። ማስያዣው ቃል ነው። በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ በጠበቀበት ድርቅ የ1977 ዓይነት እልቂት ካልደረሰባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ብድር ነው።

ሆኖም ባንክ የሚኖረው ተበዳሪው ሲመልስ ነው። በ1992 ዓ.ም. ኦጋዴን ሲራብ መጋዘኑ ሳስቶ ተገኘ፤ ቀድሞ የተበደሩት ለጋሾች ምትኩን በጊዜው ስላልመለሱ። ቃል ማስያዣ ከሆነ፣ ቃል ሲታጠፍ የሚሞተው ቃል ያጠፈው አይደለም።

ቁልፉ በማን እጅ ነው?

እንግዲህ የጎተራ ጠላቱ ነቀዝ ብቻ አይደለም። ትልቁ ጠላቱ አለመተማመን ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የእርዳታ እህል ከተረጂው አፍ ተነጥቆ ለሌላ ጥቅም ዋለ ተብሎ የዓለም የምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካው ዩኤስኤይድ በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታ አቆሙ፤ የቀጠሉት ከወራት በኋላ ነው። የሰረቀው ሌላ፣ የተራበው ሌላ። በዚያ መካከል በትግራይ ሰዎች በረሃብ መሞታቸው ተዘግቧል። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2025፣ ዩኤስኤይድ ራሱ በገዛ መንግሥቱ ፈረሰ። በሰው ጎተራ ላይ ያደረ ሕዝብ የሰውየው ጸባይ ሲለወጥ ሜዳ ላይ እንደሚቀር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ባንጻሩ በጎ ምልክትም አይተናል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ የአዲስ አበባ አስተዳደር «የምግብ ባንክ» ብሎ ከየሰፈሩ ዱቄት፣ ዘይት፣ ፓስታ አሰባስቦ ነበር። ያን ሰሞን አንዲት ጎረቤታችን፣ ራሳቸው የጡረታ ብር ጠባቂ ሆነው፣ ሁለት ኪሎ ሽሮ ተሸክመው ሲሄዱ አግኝቼ «እማማ፣ ለርስዎስ?» ብላቸው፣ «ዛሬ እኔ አለኝ፤ ነገ ባይኖረኝ ከዚያው እወስዳለሁ» አሉኝ። የባንክን ትርጉም ከዚህ በተሻለ የገለጸልኝ የለም።

አዎን፤ ዋናው ቁም ነገር ይኸ ነው። ምጽዋት ሰጪና ተቀባይን ለሁለት ይከፍላል፤ ባንክ ግን ሁለቱንም ደንበኛ ያደርጋል። ዛሬ አስቀማጩ ነገ አውጪ ሊሆን ይችላል፤ አውጪውም ነገ አስቀማጭ። በዚህ ዓይነት መንፈስ የሚቆም የአካባቢ ጎተራ በየክልሉ፣ በየከተማው ቢኖረን የሚያስፈልገው ያን ያህል ውስብስብ አይደለም። ሚዛንና ለሕዝብ የሚነበብ መዝገብ ያለው መጋዘን፣ የሚለግሰውን ነጋዴ የሚጠብቅ ሕግ፣ ተረጂውን የሚያውቅ እድርና ሰበካና ጀማዓ፣ የተበደረውን የሚመልስ መንግሥት፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በጥጋብ ዓመት የሚያስቀምጥ ሰው። በረሃብ ዓመትማ ሁሉም ያለቅሳል። ጎተራ የሚሞላው ማንም በማያለቅስበት በኅዳርና በታኅሣሥ፣ መከር ሲገባ ነው። አበው «ጀንበር ሳለ ሩጥ» ያሉት ለዚህ ነው።

በጓሮው በር ያየሁት ያ ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ሆኖ ይሆናል። እኔ ጠግቤ ስወጣ፣ እሱ ተርቦ ሳለ፣ ስለነገ የሚያስበው እሱ ነበር። በጣሳው ውስጥ ዳቦውን ለብቻ ባስቀመጠ ጊዜ ትንሽ ባንክ ከፍቷል። ያጣው መጋዘኑን ነው። መጋዘኑን መሥራት ደግሞ የሱ ሳይሆን ከፊት በር የምንወጣው የኛ ፋንታ ነው።